በድርድር ጨዋታ «ኤሊ» ተብያለሁ፤ ለግዥ ሥራ እበቃለሁ?

ጥያቄ፦ የዓለም አቀፍ ግንኙነት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ኃያል አገር ይዞ በአውሮፓ ካርታ ላይ የሚፎካከርበትን «ዲፕሎማሲ» የተሰኘ የድርድር ጨዋታ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ስንጫወት ቱርክ ደረሰችኝ። ከዚያ ወዲህ «ኤሊ» ይሉኛል፤ የድርድር ስልትን በእንስሳት ስም የሚመድብ መጠይቅ ብሞላም ያንኑ አለኝ። በአንድ ቡና ላኪ ድርጅት ለግዥ ባለሙያነት ማመልከት አስቤ ነበር፤ ልተወው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አይተዉት። በመጠይቁ ያገኙት ምደባ የሚጫነውን ሻርክ፣ ወደ ቅርፊቷ የምትሸሸገውን ኤሊ፣ ለዝምድና ሲል እሺ የሚለውን ድብ፣ ግማሹን ሰጥቶ ግማሹን የሚወስደውን ቀበሮ እንዲሁም ሁለቱንም ወገን የሚጠቅም መፍትሔ የምትሻውን ጉጉት ይዟል። (በእኛ ዘንድ ጉጉት የሟርት ወፍ ናት፤ ምደባው ከሌላ አገር ለመምጣቱ ይህ ብቻ ይበቃል።) እነዚህ አምስት ስልቶች ኬኔት ቶማስና ራልፍ ኪልማን እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት መጠይቅ የታወቁ ሲሆኑ፣ በእነርሱም አስተሳሰብ እያንዳንዱ ስልት የሚያዋጣበት ሁኔታ አለው።

እኔ ግን ከመጠይቁ ይልቅ የተቀመጡበትን ወንበር፣ ማለትም የደረሰዎትን ቦታ፣ እመለከታለሁ። አለን ካልሃመር በፈጠረው በዚህ ጨዋታ ቱርክ በካርታው ደቡብ ምሥራቅ ጥግ ላይ ስለምትገኝ ለመጠቃት አስቸጋሪ፣ ለመስፋፋትም ዘገምተኛ ናት፤ ስለዚህ ማንም ቢይዛት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኤሊ መምሰሉ አይቀርም። በአንጻሩ ኦስትሪያ-ሀንጋሪ ጨዋታው ከሚነሣበት ከ1901 (እ.ኤ.አ.) የጸደይ ወራት ጀምሮ በጣሊያን፣ በሩሲያና በቱርክ መካከል ተጨንቃ ስለምትቆም፣ የያዛት ሰው በተፈጥሮው ዝምተኛ ቢሆን እንኳ ከሁሉም ጋር ካልተነጋገረ አይተርፍም። ጓደኞችዎ ያዩት በአብዛኛው የቱርክን አቀማመጥ ነው።

ሥራውም ወንበር አለው። በጨዋታው ትእዛዝ በምስጢር ተጽፎ በአንድ ጊዜ ይገለጣል፤ ቃልን የሚያስጠብቅ ደንብ ስለሌለም፣ በካርታው ካሉት 34 የአቅርቦት ማዕከላት ለማሸነፍ የሚበቁትን 18ቱን ለመያዝ የቀረበው ተጫዋች በመጨረሻው ዙር ወዳጁን ቢከዳ የሚያጣው ጥቂት ነው። የቡና ግዥ ባለሙያ ግን ዘንድሮ በዋጋ ያታለለውን አቅራቢ በሚቀጥለው ምርት ወቅትም መፈለጉ አይቀርም፤ ያ አቅራቢ ደግሞ የተደረገበትን ለሌሎች ይናገራል። በእንዲህ ያለ ሥራ ሳይቸኩሉ ማዳመጥና የገቡትን ቃል መጠበቅ ከሻርክነት የበለጠ ያዋጣል ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ዋጋ ሲጠየቁ ዝም የሚሉ ወይም ቅር የሚያሰኝ ንግግርን ከሳምንት ሳምንት የሚያሳድሩ ከሆነ፣ እርሱ የወንበሩ ሳይሆን የእርስዎ ልማድ ነውና ሊሠሩበት ይገባል።

ይህን ለመለየት በሚቀጥለው ጨዋታ ኦስትሪያን ይያዙ፤ በየዙሩም ማንን እንዳነጋገሩ፣ ምን እንደጠየቁና ምን እንደሰጡ በማስታወሻ ያስፍሩ። በማመልከቻዎ ላይ የእንስሳ ስም አይጻፉ። በቃለ መጠይቅ ስለ ድርድር ሲጠየቁ፣ ከዚያ ማስታወሻ ወይም ከቡድን ሥራ አንድ ክስተት መርጠው ሌላው ወገን የፈለገውን፣ እርስዎ ያቀረቡትን አማራጭና የተገኘውን ውጤት፣ የከሸፈም ቢሆን፣ በቅደም ተከተል ያስረዱ።