«ጎበዞች፣ በርቱ» ከተባለ ክሊፕ ምን ይጻፋል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከተማሪዎችና ከመምህራን የመጡ ናቸው፤ የፕሮጀክት ማስረከቢያ ሰሞን መሆኑ ያስታውቃል። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ የቪዲዮ ፕሮዳክሽን ተማሪዎች ነን። አምስት ሆነን የ4 ደቂቃ የሙዚቃ ክሊፕ ሠራንና በምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ኮሚናል ውስጥ ለጎረቤት አሳየን። ሁሉም አጨበጨበ፤ «ጎበዞች፣ በርቱ» አለን። መምህራችን ግን በተመልካች አስተያየት ላይ የተመሠረተ ግምገማ ጽፋችሁ አምጡ ብሎናል። ከጭብጨባ ምን ይጻፋል? (ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ ብዙ አይጻፍም። ጎረቤት ያጨበጨበው ለክሊፑ ብቻ ሳይሆን ለልጅነታችሁና ለድካማችሁም ጭምር ነው። ይሉኝታ የያዘውን ሰው ፊት ለፊት ቆሞ «እንዴት አያችሁት?» ማለት መልሱን ራስ ጽፎ እንደ ማስፈረም ነው። ስለዚህ ደግማችሁ አሳዩ፤ ያንኑ ሰው ግን አትጥሩ። አንዴ ያየ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ስለሚያውቅ የት እንደሚሰለች አይነግራችሁም።

መጀመሪያ ክሊፑ ለማን እንደተሠራ በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ፤ ለምሳሌ «ከ16 እስከ 25 ዓመት ላሉ፣ ክሊፕ በስልክ ለሚያዩ»። 20 ሰው ብትጠሩ 14 ወይም 15ቱ ከዚያ ወገን ይሁኑ። ዘመድ፣ የክፍል ጓደኛና ክሊፑ ውስጥ የሚታይ ሰው መጥቶ ይይ፤ የመጠይቅ ወረቀት ግን አይሰጠው። በእናንተ አካባቢ አፉን በኦሮምኛ የፈታ ተመልካች ብዙ ነውና መጠይቁን በሁለቱም ቋንቋ አዘጋጁ። አለዚያ አንድ ሰው ሁለት ቃል ብቻ ጽፎ የሄደው ክሊፑ ስለሰለቸው ይሁን በአማርኛ መጻፍ ስላልቀለለው መለየት አትችሉም።

ኮሚናል ለሠርግና ለለቅሶ የሚሆን ቤት ነው፤ ግድግዳው ባዶ ስለሆነ ድምፅ ያስተጋባል፣ በመስኮቱም ብርሃን ይገባል። በፕሮጀክተር የምታሳዩ ከሆነ ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት አትጀምሩ፤ በኋለኛው ግድግዳ ላይ ሁለት ሦስት ወፍራም ብርድ ልብስ ስቀሉ። መብራት መሃል ላይ ከጠፋ የዚያ ዙር ውጤት አይያዝም። ሥጋት ካለ በላፕቶፕ ባትሪ ለአራት ለአራት ሰው እየከፈሉ ማሳየት ይሻላል።

ከማሳየታችሁ በፊት ምንም አትናገሩ። «ከለሩ ገና አልተሠራም»፣ «እዚህ ጋ ህልም ነው» የምትሏት ማብራሪያ ልትለኩት የፈለጋችሁትን ነገር ታጠፋዋለች። ከቡድኑ ሁለት ሰው ጀርባውን ለስክሪኑ ሰጥቶ ተመልካቹን ይይ። 4 ደቂቃውን በየ30 ሰከንዱ ስምንት ረድፍ አድርጋችሁ ወረቀት ላይ አስምሩ፤ የስልክ ስቶፕዎች ከዘፈኑ ጋር እኩል ይነሳ። በየረድፉ ስንት ሰው ስልኩን እንዳወጣ፣ ስንት ሰው ከጎኑ ካለው ጋር እንዳወራ፣ የስንት ሰው ትከሻ ወይም እግር እንደተነቃነቀ ይመዝገብ። ሳቅም ይጻፍ፤ በተለይ እናንተ ያላሰባችሁበት ቦታ ላይ የመጣው። ሁለቱ መዝጋቢዎች አይነጋገሩ፤ በኋላ ሁለቱም በተስማሙበት ረድፍ ብቻ ተመኩ።

ክሊፑ እንዳለቀ፣ ሰው ወሬ ሳይጀምር፣ ወረቀት አድሉ። ስም አይጻፍ፤ ዕድሜ ይበቃል። የተሞላው ወረቀት በእጃችሁ ሳይሆን በተዘጋ ካርቶን ይሰብሰብ። አምስት ጥያቄ በቂ ነው፤ ቅደም ተከተሉም ለውጥ ያመጣል። መጀመሪያ «ከሁሉ በፊት ትዝ የሚልህ ምስል የቱ ነው?» ቀጥሎ «ታሪኩ ስለምን ይመስልሃል? በአንድ ዐረፍተ ነገር»። ሦስተኛው «የት ጋ ዓይንህ ወደ ሌላ ሄደ?» አራተኛው «አንድ ነገር ቆርጠህ አውጣ ብትባል የቱን?» «ከ1 እስከ 5 ስጥ» የሚለውን ከፈለጋችሁ መጨረሻ ላይ አድርጉት፤ ሰው ቸር ስለሆነ 4 እና 5 ነው የሚሞላው፣ ከእሱ ብዙ አትጠብቁ።

ለእናቶችና ለአባቶች ወረቀት አትዘርጉ። ከቡድኑ ውጭ የሆነ ልጅ ቡና ላይ በቃል ይጠይቃቸው። «እማማ፣ ልጅቷ መጨረሻ ላይ ወዴት የሄደች መሰለዎት?» የሚለው ጥያቄ «ጥሩ ነው?» ከሚለው እጅግ የበለጠ ያወጣል።

ስትቆጥሩ በመቶኛ አትጻፉ። በ20 ሰው ላይ አንድ ሰው ብቻውን 5 በመቶ ነው፤ «ከ20 ሰው 13ቱ» ማለት ይበቃል። ከዚያ ወረቀቱንና የመዝጋቢዎቹን ረድፍ ጎን ለጎን አድርጉ። ስድስት ሰው «ሁለተኛው አዝማች ላይ ሰለቸኝ» ብሎ ከጻፈና በዚያው ረድፍ ሰባት ስልክ ከወጣ የሚጻፍ ነገር ተገኘ ማለት ነው። ተመልካች ተሰማኝ ያለውን እመኑት፤ ምክንያቱን ግን እናንተ ፈልጉ፣ እሱ የሚሰጣችሁ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ግምት ነውና።

ለምሳሌ «ረዘመ» ሲላችሁ ዘፈኑን አትቁረጡ። ከ2 ደቂቃ በኋላ ስንት አዲስ ሹት (ሳይቆረጥ የሚታይ አንድ ቀረጻ) እንደሚመጣ ቁጠሩ። አብዛኛው የተማሪ ክሊፕ ቆንጆ የሚላቸውን ሹቶች፣ አለባበሱንና ሎኬሽኑን በመጀመሪያው አዝማች ጨርሶ ሁለተኛው ላይ ያንኑ ይደግማል። ተጨማሪ ቀረጻ ባይኖራችሁም ከመጀመሪያው አዝማች ሁለት ሦስት ሹት አንስታችሁ ወደ ሁለተኛው ብታዛውሩ ያው 4 ደቂቃ ያጠረ ይመስላል።

«ዓይኔን አደከመኝ» የሚለው ሁለት ምንጭ አለው። አንዱ ቆረጣ ነው፤ ፈጣን ችክችካ ላይ በእያንዳንዱ ምት ከቆረጣችሁ ዓይን ማረፊያ ያጣል። ግጥሙ ስንኝ ሲጨርስ መቁረጥ ይበቃል፤ በምቱ መቁረጥን ለጭፈራው ቦታ አቆዩት። ሁለተኛው መብራት ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ደብዘዝ ይላል። ስልካችሁ በሰከንድ 30 ፍሬም (ምስል)፣ በ1/60 ሰከንድ ሹተር (ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ከቀረጸ ቤት ውስጥ የተነሳው ምስል ይርገበገባል፣ ወይም ጥቁር መስመር ይሄድበታል። 25 ፍሬም ላይ አድርጋችሁ ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 ብታስሩት ይጠፋል። አንዴ ከተቀረጸ በኋላ በኤዲት ሙሉ በሙሉ አይድንምና በግምገማው ላይ ምክንያቱን ከነመፍትሔው ጻፉት።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተራችን ላይ ከንፈርና ድምፅ ልክ ይገጥማል። ለሰው ስናሳይ ግን ከግማሽ በላዩ «አይገጥምም» ብሎ ጻፈ። ተመልካቹ ነው ወይስ እኛ ነን የተሳሳትነው? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ ድምፁን ያወጣችሁት በብሉቱዝ ስፒከር ከሆነ ማናችሁም አልተሳሳታችሁም። ብሉቱዝ ድምፁን ጨምቆ፣ ልኮ፣ እንደገና እስኪፈታው ከ100 እስከ 300 ሚሊ ሰከንድ ሊዘገይ ይችላል። በ25 ፍሬም አንድ ፍሬም 40 ሚሊ ሰከንድ ስለሆነ ይህ ከሁለት ፍሬም ተኩል እስከ ሰባት ፍሬም ተኩል ነው። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለስርጭት ባወጣው ምክር መሠረት ድምፅ ከምስል 45 ሚሊ ሰከንድ ሲቀድም ወይም 125 ሚሊ ሰከንድ ሲዘገይ ተመልካች መለየት ይጀምራል። አንዳንድ ማጫወቻ መዘግየቱን ራሱ ያካክሳል፣ ሌላው አያካክስም፤ አንዱ ቤት ገጥሞ ሌላው ቤት የሚስተው ለዚህ ነው። ስፒከሩን በገመድ አገናኙና ለአምስት አዲስ ሰዎች አሳዩ። የመጀመሪያውን ዙር ወረቀቶች ሙሉ በሙሉ አትጣሉ፤ ስለ ከንፈር የሚለውን ብቻ ተዉት።

በገመድም ካልገጠመ የመጀመሪያውን ስንኝ፣ መሃሉንና የመጨረሻውን ስንኝ ለየብቻ ፈትሹ። ሦስቱም ላይ እኩል ከሳተ ድምፁን ሁለት ሦስት ፍሬም መግፋት ወይም መሳብ ነው፣ አለቀ። መጀመሪያ ላይ ገጥሞ እየቆየ ከራቀ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የስልኩ ነው፤ ስልክ ሲቀርጽ የፍሬሙ ፍጥነት ከፍ ዝቅ ይላል። ጥሬውን ፋይል ወደ ኤዲት ከማስገባታችሁ በፊት ሃንድብሬክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ወደ ቋሚ የፍሬም ፍጥነት ቀይሩት። ቀረጻ ላይ ያጫወታችሁት ዘፈንና ኤዲት ላይ ያስገባችሁት አንድ ፋይል መሆኑንም አረጋግጡ፤ በመሃል ስቱዲዮው ሚክሱን አሻሽሎ የላከው ፋይል ፍጥነቱ ተነክቶ ሊሆን ይችላል።

አንድ ሹት ብቻ ከሆነ የሳተው፣ ምናልባት ዘፋኟ ድምፅ ሳታወጣ ከንፈሯን ብቻ አንቀሳቅሳ ይሆናል። ፍሬሙ ቢገጥም እንኳ ጉሮሮዋና ትንፋሿ ስለማይሠሩ ዓይን አያምንም። ያንን ሹት በክራር ጣት ወይም በሌላ ምስል ሸፍኑት፤ ለሚቀጥለው ደግሞ ጮክ ብላ ትዝፈን።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ያመጡት የተመልካች አስተያየት ሁሉ ምስጋና ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ በአንድ እጅ የተጻፈ ይመስላል። ማርክ እንዴት ልስጥ? (ከሰበታ)

መልስ፦ ማርኩን ለአስተያየቱ ጥሩነት ሳይሆን አስተያየቱ ላመጣው ለውጥ ይስጡ። ተማሪዎቹ የተሞሉትን ወረቀቶች እንዳሉ፣ የመዝጋቢዎቹን ረድፍ፣ እንዲሁም ከመታየቱ በፊትና በኋላ ያሉትን ሁለቱን ክሊፖች ያምጡ። ከ20 ማርክ 5ቱን ለተመልካች አመራረጥና ለአመዘጋገብ፣ 5ቱን ለምክንያት ትንተና፣ 6ቱን ሁለተኛው ክሊፕ ላይ ለሚታየው ለውጥ፣ 4ቱን ደግሞ ሳይቀበሉት ለቀሩት አስተያየት ብንሰጥ እንመርጣለን። የመጨረሻውን ብዙ መምህር ይዘለዋል፤ እኛ ግን ተማሪ ማሰቡ ከሁሉ በላይ የሚታየው እዚያ ላይ ነው ባዮች ነን። «14 ሰው ጭፈራ ይጨመር አለን፤ ዘፈኑ ትዝታ ስለሆነ አልጨመርንም፤ የሰለቻቸው ረድፍ ላይ ግን ሹት ቀየርን» ብሎ የጻፈ ቡድን አራቱንም ያገኛል።

የተጭበረበረ ወረቀትን ለማወቅ ክሊፑን ራስዎ በሰዓት ይዩ። እውነተኛ ተመልካች ቦታ ይጠቅሳል፦ «ቀይ ሻርፕ የለበሰችበት ጋ»፣ «ባቡር ሐዲዱ ጋ»። የተፈበረከው «በጣም አስተማሪ ነው» ይላል። ፕሮጀክቱ ሲጀመርም ቁጥር ያለው ባዶ ወረቀት ራስዎ ቢያድሉ ነገሩ ይቀንሳል። ጥፋት የሌለበት ክሊፕ እየተባለ የሚመጣልዎትም ጥፋት ያለበት ማርክ ይቀንሳል ብለው ስለሚፈሩ ሊሆን ይችላልና እንደማይቀንስ አስቀድመው ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ ክሊፔን ዩቲዩብ ላይ ጭኜ ቪውና ላይክ ቆጥሬ ባቀርብስ? ሰው ከመሰብሰብ ይቀላል። (ከቡራዩ)

መልስ፦ ይቀላል፤ ቪው ግን ሊንኩ ስንት ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንደተጣለ እንጂ ክሊፑ ምን እንደሆነ ብዙም አይናገርም። የሚጠቅምሽ በዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ያለው ተመልካች እስከ የት እንደቆየ የሚያሳየው መስመር ነው። መስመሩ የሚወጣው በቂ ሰው ሲያየው ስለሆነ ከማስረከቢያው ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ ጫኚ። የመጀመሪያዎቹ 15 ሰከንዶች ላይ ገደል ካለው የመግቢያ ጽሑፍሽ ረዝሟል፤ የቡድኑን ስም ዝርዝር ወደ መጨረሻ ውሰጂው። መስመሩ መሃል ላይ ጉብ ካለ ሰው መልሶ ያየው ቦታ ነው፤ ወድዶት ይሁን ሳይገባው ቀርቶ መስመሩ አይነግርሽምና ለዚያ ያው ሰው መጠየቅሽ አይቀርም። አንቺና የቡድኑ አባላት ደጋግማችሁ ካያችሁት ቁጥሩን ታበላሹታላችሁ።

ቴሌግራም ላይ ስትልኪ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪ፤ አለዚያ ይጨመቅና ተመልካች «ጥራት የለውም» የሚልሽ ስላልሠራሽው ጥፋት ይሆናል። ዘፈኑ የሌላ ድምፃዊ ከሆነ ደግሞ በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ነው፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሕዝብ አትልቀቂው። ለክፍል ብቻ ይቅር።

ጥያቄ፦ ዳይሬክተራችን «ተመልካች አልገባውም ማለት ክሊፑ ጥልቅ ነው ማለት ነው» ይላል። ኤዲተሩ ደግሞ ፍጻሜው ይቀየር ባይ ነው። ማን ይሰማ? (ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ «ታሪኩ ስለምን ነው?» የሚለውን ጥያቄ መልሶች ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና ክፈሏቸው። ሰዎቹ የተለያየ ግን ሙሉ ታሪክ ከጻፉ፣ ለምሳሌ አንዱ «ዐረብ አገር ሄደች»፣ ሌላው «ሞተች» ካለ፣ ፍጻሜው ክፍት ነው እንጂ አልተበላሸም፤ ዳይሬክተሩ ይሰማ። «አልገባኝም» ብለው የተዉት ከበዙ ወይም ሰዎቹ ሁለቱን ገጸ ባሕርያት ካምታቱ ኤዲተሩ ይሰማ። ማምታታቱ ብዙውን ጊዜ ፍጻሜው ላይ አይጀምርም፤ እህትና ጓደኛ ሁለቱም ነጭ ነጠላ ለብሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ከሩቅ ብቻ ታይተው ይሆናል። ለእያንዳንዳቸው ፊታቸው በግልጽ የሚታይበት፣ ሁለት ሰከንድ ያህል የሚቆይ የቅርብ ሹት በመጀመሪያው 40 ሰከንድ ውስጥ አስገቡና ፍጻሜውን ሳትነኩ ለስድስት አዲስ ሰዎች አሳዩ።