መልስ፦ ለልጄ የሚጥል በሽታ እህቴ ከአሜሪካ የካናቢስ ዘይት ልላክልሽ አለች፣ ባህር ዳር ይቻላል ወይ?

አይቻልም፣ አታስልኪ። ካናቢስ እኛ ጋ ለህክምናም አልተፈቀደም፣ ያመጣውም የተቀበለውም ሊከሰስ ይችላል።

እህትሽ የሰማችው ኤፒዲዮሌክስ የሚባለውን መድሀኒት ሳይሆን አይቀርም፣ በ2018 በፈረንጆቹ አሜሪካ የጸደቀ ሲቢዲ የሚባል ከካናቢስ ተክል የወጣ ንጥረ ነገር ነው፣ አያሰክርም። ግን መጀመሪያ የተፈቀደው ድራቬትና ሌኖክስ ጋስቶ ለሚባሉ ከባድ የሚጥል በሽታ አይነቶች ነው፣ ቫልፕሮት ከሚባለው ሌላ የሚጥል በሽታ መድሀኒት ጋር ሲወሰድ ደግሞ ጉበት ሊጎዳ ስለሚችል የደም ምርመራ ይፈልጋል። ሱቅ የሚሸጠው ዘይትማ ውስጡ ስንት እንዳለው በምን ይታወቃል?

የምትወስደው መድሀኒት፣ ፌኖባርቢታሉ፣ አልያዘላትም ካልሽ ጥበበ ግዮን ወይ ፈለገ ህይወት ሆስፒታል ውሰጃትና ዶዙ በኪሎዋ ይታይላት። ስትወድቅ በስልክሽ ቅረጪያት፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየባት ጻፊ፣ ለሀኪሙ በጣም ይጠቅመዋል።

አደራ ግን መድሀኒቱን በራስሽ እንዳታቋርጪ። የወንድሜ ልጅ ዘጌ ጠበል ሲገባ ክኒኑን 4 ቀን ተወና ስንመለስ ጀልባ ላይ ጣለው፣ ነጠላዬን ጭንቅላቱ ስር አድርጌ በጎኑ ይዤው ወደቡ አልደርስ አለኝ፣ የከንፈሩ መጥቆር እስከዛሬ ከአይኔ አልጠፋም። ጠበሉንም ክኒኑንም አብረሽ ስጫት እህቴ። ጥሏት 5 ደቂቃ ካለፋት ግን ምንም ሳትጠብቂ በባጃጅም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል አድርሻት።