ሀሪኬን ሳይመጣ ጣራዬን ምን ላድርገው?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ አምድዎን ሁሌ ነው የምናነበው። እኛ ቴክሳስ፣ ሂውስተን አጠገብ ሚዙሪ ሲቲ ነን፣ ሺንግሉ (የጣራው ልባስ) ቤቱ ሲሰራ የተገጠመው ነው፣ 16 አመት ሆኖታል። ጁላይ 2024 ሀሪኬን ቤረል፣ ያ ትልቁ አውሎ ነፋስ፣ ሲያልፍ ትንሽ ተነሳስቶብን አስጠገንነው ከዛ ረሳነው። አሁን ጁን ሊገባ ሲል አንድ ሰውዬ በር አንኳኩቶ "ጣራችሁ ተጎድቷል፣ ኢንሹራንስ ይከፍለዋል፣ ዲዳክቲብሉን (ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት ከኪሳችሁ የሚወጣውን) እኛ እንችልላችኋለን፣ እዚህ ጋ ብቻ ፈርሙ" አለን። ባለቤቴ እንፈርም ይላል፣ ከአገር ቤት የመጣችው እናቴ ደግሞ አሸዋ በጆንያ ጫኑበት ትላለች። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ምንም ወረቀት እንዳትፈርሙ። ወደ ሰውዬው እመለሳለሁ፣ መጀመሪያ ግን ጣራው ራሱ ምን እንደሚሆን እናውራ፣ እሱ ከገባሽ ገንዘብሽን የት እንደምታወጪ ራስሽ ትወስኛለሽ።

ሀይለኛ ንፋስ ጣራ ላይ ሲያልፍ ወደ ላይ ነው የሚስበው፣ በተለይ ጠርዙና ማዕዘኑ ጋ። መስኮት ወይ የጋራዥ በር ከተሰበረ ደግሞ ንፋሱ ቤት ውስጥ ይገባና ከስር ይገፋዋል፣ ከላይ እየተሳበ ከስር እየተገፋ ነው እንግዲህ ጣራ ሙሉውን ተነቅሎ የሚሄደው። በ1992 ሀሪኬን አንድሩ ደቡብ ፍሎሪዳን ሲመታ የታየው ይሄ ነው፣ ፍሎሪዳ የህንፃ ኮዷን ያጠበቀችውም ከዛ በኋላ ነው። ስለዚህ ሰው ጣራዬን እይልኝ ሲለኝ ቀድሜ የማየው ምን ከምን ጋር እንደተያያዘ ነው፣ ሺንግሉ ከጣውላው፣ ጣውላው ከወራጁ፣ ወራጁ ከግድግዳው።

እናትሽ ያሉት ነገር ሁላችንም አገር ቤት ያየነው ነው፣ ቆርቆሮ ላይ ድንጋይና አሮጌ ጎማ ይጫን የለ። ሀሪኬን ግን ትንሹ፣ ካታጎሪ 1 የሚሉት እንኳን፣ በሰአት ከ119 ኪሎሜትር ነው የሚጀምረው፣ ጆንያው ተንሸራቶ ሰው ላይ ይወድቃል ወይ የጎረቤት መስኮት ይሰብራል። አሸዋውን ጎርፍ ሊገባበት የሚችል በር ስር አድርጉት፣ እዛ ይጠቅማል።

አሁን ጠዋት ሳይሞቅ ባትሪ ይዛችሁ አቲክ (በኮርኒሱና በጣራው መሀል ያለው ክፍት ቦታ) ግቡ፣ እንጨቱ ላይ ብቻ ነው የሚረገጠው አለዚያ በኮርኒሱ ሾልካችሁ ሳሎን ትገኛላችሁ። ጫፍ ድረስ ሄዳችሁ ወራጁ ግድግዳው ላይ የሚያርፍበትን ቦታ አብሩበት። ቀጭን ብረት ወራጁን ይዞ ግድግዳው ላይ በሚስማር ከተመታ ስትራፕ አለው ማለት ነው፣ ጥሩ ነው። በሰያፍ የተመቱ ሁለት ሶስት ሚስማሮች ብቻ ካያችሁ ግን ጣራችሁን የያዘው እሱ ብቻ ነው፣ ብዙ የቆየ ቤት እንደዛ ነው። ብረቱ ራሱ ርካሽ ነው፣ ውድ የሚሆነው ጠባብ ቦታ ገብቶ የሚመታው ሰው ጉልበት ነው፣ ቢሆንም እኔን ከጠየቃችሁኝ ከአዲስ ኩሽና በፊት ይሄ ይቅደም እላለሁ። ቀና ብላችሁ ደግሞ ጣውላውን እዩት፣ ከወራጁ ጎን ለጎን ብቅ ብለው ባዶ አየር ላይ የቆሙ ሚስማሮች ካሉ ሰራተኛው ሲመታ ወራጁን ስቷል ማለት ነው፣ አንድ ሁለት ቢሆን ግድ የለም፣ በመስመር ከተደረደሩ ግን ያ ጣውላ አልተያዘም። የውሃ ምልክት ካለ ፎቶ አንሱት፣ ቀኑ ያለበት ፎቶ በኋላ ከኢንሹራንስ ጋር ስትነጋገሩ ይጠቅማችኋል።

ሺንግሉን ከመሬት ሆናችሁ በስልክ ዙም አድርጋችሁ እዩት፣ አትውጡ በእናታችሁ። ሺንግል ከስሩ እንደ ማስቲሽ ያለ መስመር አለው፣ በፀሀይ ሙቀት ነው የሚጣበቀው፣ በ16 አመቱ ብዙ ቦታ ለቆ ሊሆን ይችላል። ባለሙያ ጠርዙን ቀስ ብሎ በእጁ ሲያነሳው እሺ ብሎ ከተነሳ ጠርዝና ማዕዘን ላይ ያሉትን ከስር የኳርተር ሳንቲም በምታህል የሩፍ ሲመንት (የጣራ ማጣበቂያ) ጠብታ አንድ በአንድ ማጣበቅ ይቻላል፣ የአንድ ሁለት ቀን ስራ ነው። ሁሉም ቦታ ከለቀቀ ግን ጣራው እድሜውን ጨርሷል፣ መቀየር ነው። ስትቀይሩ ሁለት ነገር ውሉ ላይ ይጻፍ፣ በእያንዳንዱ ሺንግል 6 ሚስማር ይመታ የሚል (4 ነው የተለመደው) እና ሺንግሉ ሳይገጠም የጣውላው መጋጠሚያ በሚጣበቅ ቴፕ ይታሸግ የሚል። ቴፑ ሺንግል ቢነቀል እንኳን ዝናቡ በስንጥቁ ገብቶ ቤታችሁን እንዳያበሰብሰው ነው፣ ኮንትራክተሩ አያስፈልግም ካላችሁ ሌላ ፈልጉ።

የጋራዥ በር የጣራ ጉዳይ ነው፣ ሰው ግን ይረሳዋል። በሩን ከውስጥ በኩል እዩት፣ ስንት ንፋስ እንደሚችል የሚናገር ስቲከር ከሌለው ማጠናከሪያ ብረት አስገጥሙ ወይ ቀይሩት። ጣራው ላይ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍም አሁኑኑ ይቆረጥ፣ ቤረል ካታጎሪ 1 ሆኖ ሂውስተን አካባቢ ስንት ዛፍ ቤት ላይ እንደጣለና ከ2 ሚሊዮን በላይ የመብራት ደንበኛ በዛ ሙቀት እንዴት ጨለማ ውስጥ እንደዋለ አይታችኋል።

ወደ ሰውዬው ልመለስ። ዲዳክቲብል እኛ እንችላለን ማለት ቴክሳስ ውስጥ ከ2019 ጀምሮ ወንጀል ነው፣ ኢንሹራንሱም ዲዳክቲብሉን የከፈላችሁበትን ማስረጃ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ቴክሳስ ደግሞ ለሩፈር (ለጣራ ሰሪ) ከስቴት ላይሰንስ አትጠይቅም፣ መኪና ያለው ሁሉ ሩፈር ነኝ ማለት ይችላል፣ ስለዚህ አድራሻው እዛው ከተማ የሆነ፣ የላይቢሊቲ ኢንሹራንስ (ስራው ላይ ጉዳት ቢያደርስ የሚከፍል) ወረቀቱን ኢንሹራንስ ኩባንያው ራሱ ቀጥታ የሚልክላችሁ ሰው ያዙ፣ ሙሉ ክፍያ አስቀድማችሁ አትስጡ። ፖሊሲያችሁንም አውጥታችሁ አንብቡ። የንፋስ ዲዳክቲብል ብዙ ጊዜ በፐርሰንት ነው፣ ቤቱ 350,000 ዶላር ኢንሹር ተደርጎ 2 ፐርሰንት ከሆነ 7,000 ዶላር ከኪሳችሁ ነው። ለጣራው የሚከፍለው የአዲስ ዋጋ ነው ወይስ እድሜው ተቀንሶለት የሚለውንም ኤጀንታችሁን ጠይቁት፣ በ16 አመት ጣራ ላይ ልዩነቱ ብዙ ነው። የኢንሹራንሱን ጉዳይ ዛሬ ጨርሱት፣ ማዕበሉ ገልፍ (የሜክሲኮ ባህረ ሰላጤ) ከገባ በኋላ ፖሊሲ የሚያስተካክል ኩባንያ አታገኙም፣ የጎርፍ ኢንሹራንስ ደግሞ ለብቻው ነው፣ የመንግስቱ ከገዛችሁት በኋላ 30 ቀን ያስጠብቃል። የሀሪኬን ሲዝኑ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፣ የሚብሰው ሴፕቴምበር 10 አካባቢ ስለሆነ ጣራውን ተረጋግታችሁ ለመስራት ጊዜ አላችሁ።

ጥያቄ፦ እኔ ፍሎሪዳ፣ ታምፓ ነው ያለሁት፣ ጣራዬን ባለፈው አመት በስትራፕ ምናምን አሳምሬ አሰርቼዋለሁ፣ ግን የኢንሹራንስ ክፍያዬ አልቀነሰም። ለምንድነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ካልነገርካቸው አያውቁም። ፍሎሪዳ ውስጥ ዊንድ ሚቲጌሽን የሚባል ኢንስፔክሽን (ቤቱ ንፋስ ምን ያህል እንደሚችል የሚታይበት ምርመራ) አለ፣ ፈቃድ ያለው ኢንስፔክተር መጥቶ ስትራፑን፣ የጣውላውን ሚስማር፣ የጣራውን ቅርፅና የመስኮት መከላከያውን አይቶ ፎርም ይሞላልሃል፣ ኢንሹራንሶች ደግሞ በዛ መሰረት ቅናሽ እንዲሰጡ ህጉ ያስገድዳቸዋል። ኢንስፔክተሩ አቲክ ገብቶ ፎቶ ማንሳት አለበት፣ ሳይገባ ከሞላልህ አትቀበለው። ፎርሙ እስከ 5 አመት ያገለግላል፣ ኮፒውን አስቀርና ዋናውን ዛሬውኑ ለኤጀንትህ ላከው።