መልስ፦ የሟቹን ዳኛ ውድድር ማስተላለፍ ተገቢ ነበርን?

ወንድሜ፣ ማስተርሼፍ አውስትራሊያ የተባለው የቴሌቪዥን የምግብ ማብሰል ውድድር ዳኛ ጆክ ዞንፍሪሎ ካረፈ በኋላ ቀድሞ የተቀረጸው ውድድር መተላለፉ ነውር አይደለም ወይ ብለህ ጠይቀሃል። እኔ ነውር አልለውም። ሰውየው በ46 ዓመቱ ያረፈው ሚያዝያ 2015 ላይ፣ አዲሱ ውድድር ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ጣቢያው ፕሮግራሙን ለአንድ ሳምንት ያህል አቆይቶ፣ በቤተሰቡ ፈቃድ አስተላለፈው። ዋናው ነገር ፈቃዱ ነው። ከዚያ ውጪ፣ ተወዳዳሪዎቹ በፊቱ ያበሰሉትን መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ማንን ያከብራል?

ለእኔ ግን ትልቁ ቅርሱ ዳኝነቱ አይደለም። ይህ የስኮትላንዷ ግላስጎው ልጅ በአውስትራሊያዋ አደሌይድ ከተማ ኦራና የተባለ ምግብ ቤት ከፍቶ፣ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲመገቧቸው የኖሩትን ዕፅዋትና ፍራፍሬዎች ወደ ገበታ አምጥቷል። በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የባስክ ዓለም አቀፍ የምግብ ሽልማትን ያገኘውም በዚሁ ሥራ ነው። እርግጥ ነቃፊም አላጣም። ለማንኛውም፣ የውድድር አዘጋጆች ሊዘክሩት ከፈለጉ የሐዘን ሙዚቃውን ቀነስ አድርገው፣ አንድ ሙሉ ዙር በእነዚያ ዕፅዋት ያስበስሉ፤ ያንንም የሚዳኙት የዕፅዋቱ ባለቤቶች፣ ነባሮቹ ሕዝቦች፣ ይሁኑ።