ዲፈረንሻሉ ከመፈታቱ በፊት ዘይቱን እይ

ሰላም ወንድሜ። «ኳድራ ድራይቭ (የጂፕ የአራት ጎማ መንጃ ስርዓት) ያለው የ1999 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጂፕ ግራንድ ቸሮኪ አለኝ። ጭቃ ላይ የኋላው ዲፈረንሻል ወዲያው አይቆልፍም፣ ማለትም ሁለቱን ጎማ አያያይዝም፤ ስታጠፍ ደግሞ ከኋላ ይንቀጠቀጣል። ዲፈረንሻሉ ይፈታ?» ብለሃል። እኔ ደብረ ማርቆስ ነኝ፣ እንዳንተው ዓይነት መኪና ስነዳ ሁለቱም ደርሰውብኛል።

ዲፈረንሻል የሞተሩን ጉልበት ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍል የማርሽ ሳጥን ነው። ተራው ለሁለቱም ጎማ እኩል ጉልበት ነው የሚሰጠው። አንዱ ጭቃ ላይ ከላላ ደረቅ መሬት የያዘውም የሚደርሰው ያችው ትንሿ ጉልበት ናት። ያንተው ግን ውስጡ የዘይት ፓምፕ አለው። ሁለት ጥርሳም ቀለበቶች ናቸው፤ አንዱ ከጎማው ዘንግ ጋር፣ ሌላው ከዲፈረንሻሉ ቤት ጋር ይዞራል። እኩል ሲዞሩ ፓምፑ ዝም ይላል። አንድ ጎማ ከፈጠነ ግን የዲፈረንሻሉን ዘይት ስቦ ፒስተን ይገፋበታል። ፒስተኑ እንደ ፍሪሲዮን ሸራ የተደረደሩትን ስስ ዲስኮች ይጨምቃል። ዘንጉና ቤቱ ይያያዛሉ፤ ጉልበቱም መሬት ወደያዘው ጎማ ያልፋል። ኩርባ ላይ የፍጥነቱ ልዩነት ትንሽ ስለሆነ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ ያመልጣል፣ አይቆልፍም።

ስለዚህ አንድ ጎማ ሳይሽከረከር አይዝም። መዘግየቱ ተፈጥሮው ነው። ሐምሌ ላይ ቢቸና አካባቢ ዋልካ ውስጥ ገብቼ ነዳጅ እየረገጥኩ እየለቀቅኩ ታገልኩ፤ ጎማው ጉድጓድ ብቻ ቆፈረልኝ። በለቀቅኩ ቁጥር ግፊቱ ይወርዳላ! በከባድ ማርሽ ቀስ ብዬ ሳላቋርጥ ስሰጠው ትንሽ ዞሮ ያዘና ወጣሁ።

መንቀጥቀጡ ግን ከዘይቱ ይመስለኛል። የኔን አንድ ጋራዥ ተራ የዲፈረንሻል ዘይት ሞልቶበት ነበር። ለዲስኮቹ የሚጨመረው ማለስለሻ አልገባም። አደባባይ ስዞር ከኋላ ድርርር ይል ነበር። ስናፈሰው ዘይቱ ጠቁሯል፣ ተቃጥሎ ይሸታል። ትክክለኛውን ከማለስለሻው ጋር ሞልቼ ሜዳ ላይ በዝግታ የስምንት ቁጥር እየሠራሁ ነዳሁት። በዚያው ቀን መንቀጥቀጡን ተወው።

የዘይቱን መጠንም አሳይ፤ ከጎደለ ፓምፑ አየር ይስባል፣ አይቆልፍም። አራቱም ጎማ አንድ መጠን ይሁን። የግራና የቀኙ ከተለያየ አስፋልት ላይ እንኳ ፓምፑ አያርፍም፣ ዲስኮቹ በሙቀት ያልቃሉ።

አደራ፣ አንዱን ጎማ ብቻ በክሪክ አንስተህ ማርሽ አስገብተህ እንዳትሞክር። መሬት የነካው ጎማ ጉልበት ሲያገኝ መኪናውን ከክሪኩ ላይ ይጥለዋል።