ትርፍ ሰዓትሽን ሳትቆጥሪ አትልቀቂ

እህቴ፣ ከኮዬ ፈጬ የላክሽልኝን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጎሮ አካባቢ በሚገኝ የሶፍትዌር ድርጅት ዓመት ከአራት ወር ሠርተሻል። ጠዋት 2 ሰዓት ገብተሽ የምትወጪው ምሽት 3 ሰዓት ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ ስታነሺ «እኛ ቤተሰብ ነን» ይሉሻል። በኮድሽ ላይ ስህተት ሲገኝ አለቃሽ በባልደረቦችሽ ፊት ያዋርድሻል። ዋናው ዲግሪሽም በእጃቸው ነው። «ዝም ብዬ ልልቀቅ ወይስ ችግሩ የእኔ አለመቻል ነው?» ብለሻል።

አለመቻል አይደለም። ኮድ ሲጽፍ የማይሳሳት ሰው የለም፤ የአንዱን ሥራ ሌላው እንዲያይለት የሚደረገውም ለዚሁ ነው። በስብሰባ መሐል የተሸማቀቀ ሠራተኛ በሚቀጥለው ጊዜ ስህተቱን ይደብቃል እንጂ አያርምም። ቤተሰብስ ቢሆኑ ኖሮ፣ በዚያ ጨለማ ታክሲ አግኝተሽ ቤትሽ በሰላም መግባትሽን የሚጠይቅ አንድ ሰው ይጠፋ ነበር? በዚህች ቃል ስንቱ ወጣት ጉልበቱን በነፃ እንደሚሰጥ ሳስብ ያንገበግበኛል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8 ሰዓት ይወስናል። አንቺ የምሳ ሰዓት ተቀንሶ 12 ሰዓት ትሠሪያለሽ፤ ትርፉ በአምስት ቀን 20 ሰዓት ነው። አዋጁ ለአስቸኳይ ሥራ እንኳ በሳምንት ከ12 ሰዓት በላይ አይፈቅድም። እስከ ማታ 4 ሰዓት ለተሠራው የመደበኛው ሰዓት ክፍያ 1.5 እጥፍ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ንጋት 12 ሰዓት ለተሠራው 1.75 እጥፍ ይከፈላል። ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ግን ይርጋው ነው። ክፍያው መከፈል ከነበረበት ቀን አንስቶ በ6 ወር ውስጥ ክስ ካልቀረበ መብቱ ይታገዳል። ስትለቂ ልትጠይቂ ያቆየሽው የመጀመሪያዎቹ አሥር ወራት ገደማ ገንዘብ በዚህ መንገድ አምልጦሻል። የቀረውም በየወሩ እያለቀ ነው።

ስለዚህ የገባሽበትንና የወጣሽበትን ሰዓት ከዛሬ ማታ ጀምሮ በደብተር መዝግቢ። አለቃሽ ሌሊት በቴሌግራም የሚልክልሽን ትእዛዝ ቀኑና ሰዓቱ እንዲታይ አድርገሽ በፎቶ አስቀሪ፤ እሱ ካጠፋው ከአንቺም ስልክ ሊጠፋ ይችላል። የድርጅቱን ኮድ ግን ገልብጠሽ እንዳትወስጂ። ለአዲስ ቀጣሪ ችሎታሽን ለማሳየት በዕረፍት ቀንሽ የራስሽን ትንሽ ሥራ ሥሪ።

የሥራ ልምድ ማስረጃ ለመጠየቅ እስክትለቂ መጠበቅ የለብሽም፤ አዋጁ በማንኛውም ጊዜ ስትጠይቂ በነፃ እንዲሰጡሽ ያዛል። ዲግሪሽንም በጽሑፍ ጠይቂ፤ ደብዳቤውን መቀበላቸውን በቅጂው ላይ አስፈርሚ። ሌላ ሥራ ስታገኚ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተሽ ውጪ። አዲሱ ቀጣሪ ለምን እንደለቀቅሽ ሲጠይቅሽ «የሥራ ሰዓቱ ገደብ አልነበረውም» ማለት ይበቃል። ከዚያ ተራው ያንቺ ነው፦ ሌሊት ሲስተም ሲበላሽ ማን እንደሚጠራና ክፍያው እንዴት እንደሚታሰብ ጠይቂው፤ መልሱንም ከመፈረምሽ በፊት በውሉ ላይ አስጽፊ።