ስለ እግሩ፣ ስለ ቢራ ፋብሪካው እና ስለ ብዕሩ ሰንጢ፦ ለእህታችን ጥያቄ መልስ

ሰላም ለእርስዎ፣ እህታችን። ጥያቄዎን እንዲህ ተረድቼዋለሁ፦ ሜሪላንድ ውስጥ ከአንድ የሟች ቤት ዕቃ ሽያጭ ላይ በቆርቆሮ ሣጥን የታጨቁ አሮጌ ሰንጢዎች ገዝተዋል። ፎቶአቸውን ለቡድናችን ልከው፣ ከእነዚያ መካከል ሦስቱ ግራ እንዳጋቡዎት ነግረውናል። አንዱ ቦት ጫማ ያጠለቀ የሴት እግር ይመስላል። ሁለተኛው የአሜሪካ ቢራ ፋብሪካ ስም የተቀረጸበት ሆኖ እጀታው ላይ የስንዴ ፍሬ እንኳ የማታህል ብርጭቆ አለችበት። ሦስተኛው ብዕር ነው ሲሉት ክዳኑ ሲነቀል ሹል ብረት ይወጣል። እውነተኛ ናቸው ወይስ አስመስለው የሠሯቸው? ልወልውላቸው? ብዕሩን ሎስ አንጀለስ ላለው ወንድሜ ልላክለት? ለአባቴስ አንዱን አዲስ አበባ ብወስድለት? ብለው ጠይቀዋል። እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ እንዲህ ያሉ ሰንጢዎችን ስሰበስብ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ የማውቀውን ልበል። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ከሁሉ በፊት እግሩን ዛሬውኑ ከሣጥኑ አውጥተው ለብቻው ያኑሩት። ስለ ዋጋው ኋላ እንነጋገራለን። በፎቶው ላይ የእጀታው ጠርዝ በጥቃቅኑ ተሰነጣጥቋል፤ አጠገቡ የተኙት የሌሎቹ ሰንጢዎች ናስ ደግሞ አረንጓዴ አውጥቷል። ይህ የሴሉሎይድ ሥራ ነው። ሴሉሎይድ በናይትሪክ አሲድ ከተዘጋጀ ጥጥና ከካምፎር የሚለወስ፣ ከቀደምቶቹ ፕላስቲኮች አንዱ ነው። ጆን ዌስሊ ሀያት የተባለው አሜሪካዊ በ1870 የፈጠራ መብቱን ካስመዘገበ በኋላ የዝሆን ጥርስን፣ ቀንድንና የኤሊ ቅርፊትን እየተካ የማበጠሪያውንም የሰንጢውንም ገበያ ተቆጣጠረ። ሲያምር ያምራል፤ ዕድሜው ሲገፋ ግን ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስም አሲድ ያለበት ትነት ያወጣል። ትነቱ የራሱን ስለት አዝጎ አይበቃውም፣ የጎረቤቱንም ይበላል። በተዘጋ ሣጥን ወይም በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ሲሆን መውጫ ያጣና ይብሳል። አንድ የታመመ እጀታ ሙሉ መሳቢያ ጤነኛ ሰንጢ ሲያበላሽ አይቻለሁ። ስለዚህ አየር በሚያገኝ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ ከሌላው ርቆ ይቀመጥ።

ከጥያቄዎ ሥር አንድ ሰው «በጋለ መርፌ ነክተሽ ፈትኚው» ብሎ መክሯል። በፍጹም አያድርጉት! ሴሉሎይድ ቦግ ብሎ የሚነድ ነገር ነው። መለየት ከፈለጉ እጀታውን በአውራ ጣትዎ እስኪሞቅ አሽተው ያሽትቱት፤ ጉንፋን ሲይዘን ደረታችን ላይ እንደምንቀባው ቅባት ካምፎር ካምፎር ካለ ሴሉሎይድ ነው።

አሁን ወደ ምንነታቸው ልምጣ። ሻጮች ሁሉንም «ልዩ ሰንጢ» ብለው በአንድ ቋት ይከቷቸዋል፤ እኔ ግን ሁለት ወገን አድርጌ ነው የማያቸው። እግሩና የቢራ ፋብሪካው ሰንጢ ምንም አይደብቁም። ያያቸው ሁሉ ሰንጢ መሆናቸውን ያውቃል፤ ቅርጻቸውና ጌጣቸው ለፈገግታ፣ ለስጦታ ወይም ለማስታወቂያ የታሰበ ነው። የብዕሩ ሥራ ደግሞ ራሱን መደበቅ ነው። ተረት በዋጋ የሚሸጠውም፣ ሕግ የሚያስጠይቀውም በአመዛኙ በዚህ በሁለተኛው ወገን ነው። እኔ የመጀመሪያውን ወገን እወዳለሁ፤ ሁለተኛውን ገንዘቤን አላወጣበትም።

የእግሩ ዓይነት ሰንጢ በብዛት የመጣው ከጀርመን፣ በተለይም ከዞሊንገን ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የዚያች ከተማ ሠራተኞች ለአሜሪካ ገበያ ጫማ፣ ዓሣ፣ ጠርሙስና ሽጉጥ የሚመስሉ ሰንጢዎችን ያመርቱ ነበር። ቀሚስ ቁርጭምጭሚት በሚሸፍንበት በዚያ ዘመን የሴት እግር በኪስ ይዞ መዞር ወንዶች መጠጥ ቤት ውስጥ የሚሳሳቁበት ድፍረት ነበር። ቡሽ መንቀያ የተገጠመላቸውም አሉ፤ የት እንደሚመዘዙ ራሱ ይናገራል።

ነገር ግን እግሩን ይተዉና የስለቱን ሥር ይመልከቱ። ስለቱ ከእጀታው ጋር በምስማር ከተያያዘበት አጠገብ ያልተሳለ ወፍራም ቦታ አለ፤ ሠሪው ስሙንና አገሩን የሚመታው እዚያ ላይ ነው። በ1890 የወጣውና በዊልያም ማኪንሊ ስም የሚጠራው የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ፣ ከ1891 ጀምሮ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎች የተሠሩበት አገር ስም በእንግሊዝኛ እንዲጻፍባቸው አስገደደ። ስለዚህ «ጀርመኒ» የሚል ምት ያለበትን ከ1891 ወዲህ ነው ብለው ይጀምሩ። «ዌስት ጀርመኒ» ካለ ከ1949 እስከ 1990 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው፤ ሻጩ የፈለገውን ያህል የቅድመ አያቴ ነው ብሎ ይማል። በአሜሪካ ወታደሮች ተይዛ በነበረችው ጃፓን የተሠራ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ካገኙ ደግሞ ዘመኑ በ1952 ካበቃው የወረራ ጊዜ አይዘልም። የአገር ስም ያልተጻፈበት ሁሉ ግን ከ1891 በፊት ነው ማለት አይቻልም። ለሌላ አገር ገበያ የተሠራው ግዴታ አልነበረበትም፤ ምቱም በመሳል ብዛት ሊጠፋ ይችላል።

ማኪንሊን ካነሣሁ አይቀር፣ እሱ ይኖርባት በነበረችው በካንተን፣ ኦሃዮ፣ ኖቬልቲ ከትለሪ የሚባል ፋብሪካ ነበር። ፎቶግራፍ ከብርሃን አስተላላፊ ሴሉሎይድ ሥር አድርጎ እጀታ ላይ ያለብስ ነበር፤ የሚስትን፣ የልጅን ወይም የፖለቲከኛን ፎቶ። ከሣጥንዎ ውስጥ እንዲህ ያለ ብቅ ቢል ስሙ ሳይታወቅ የሚያይዎት ፊት ያገኛሉ ማለት ነው፤ እሱንም ከእግሩ ጋር ሳይሆን ለብቻው ያስቀምጡት።

አስመስሎ የተሠራውን ለመለየት ችኮላ አይረዳም። በእጅ ባትሪና በማጉያ መነጽር እጀታው መካከል ያለውን ክፍተት ይመልከቱ። በኪስ የኖረ ሰንጢ የጨርቅ ብናኝ፣ ጥቁር የደረቀ ዘይትና ቆሻሻ ተጠቅጥቆበታል። ከውጭ ጠቁሮ ከውስጥ እንደ አዲስ የሚያብረቀርቅ ከሆነ ሆን ተብሎ በአሲድ እንዲያረጅ ተደርጎ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ምቱን በማጉያው ይዩት። የድሮው በብረት ማኅተም ስለተመታ የፊደሉ ጠርዝ ጠለቅ ብሎ ትንሽ ያልተስተካከለ ነው፤ ዝገቱም ፊደሉ ውስጥ ይገባል። ዝገት ላይ የተጻፈ ንጹሕ ፊደል ካዩ ሰንጢውን መልሱ። ከዚያ ሞላውን ይፈትኑ፤ ስለቱን ቀስ ብለው ሲከፍቱት በመጨረሻ ቀጭ ብሎ መቆም፣ ሲዘጉትም ወደ ቤቱ ተስቦ መግባት አለበት። የሚወዛወዝ ከሆነ ምስማሩ ላልቷል ወይም አንድ ሰው ፈቶ ገጥሞታል። ስለቱ ብዙ ተስሎ ያለቀ መሆኑን ደግሞ ለጥፍር መክፈቻ የተሠራችው ጎድጓዳ መስመር ትነግርዎታለች፤ ወደ ጫፉ ከተጠጋች ጫፉ ተሰብሮ እንደገና ተስሏል።

ኮካ ኮላ የሚል ስም ያለበት አሮጌ መሳይ ሰንጢ ቢያጋጥምዎ በተለይ ይጠንቀቁ። ከእውነተኞቹ የማስታወቂያ ሰንጢዎች ይልቅ በኋላ ዘመን የተፈበረኩት በገበያው ላይ ይበዛሉ፤ የድሮ ጀርመን አስመጪ ስም ሳይቀር ይመቱባቸዋል። ታዋቂ ስም ያለበትን ዕቃ ሁለት ጊዜ አየዋለሁ፤ ሐሰተኛ ሠሪም የሚደክመው ገዢ በሚሮጥበት ስም ላይ ነውና።

አሁን ወደ ሁለተኛው፣ እኔ ከሣጥንዎ ሁሉ ወደቀናሁበት ልምጣ። በፎቶው ላይ በግልጽ እንደሚነበበው የሴንት ሉዊሱ የአንሀይዘር ቡሽ ቢራ ፋብሪካ ሰንጢ ነው። የፋብሪካው ባለቤት አዶልፈስ ቡሽ እንዲህ ያሉ ሰንጢዎችን እንደ ስም ካርድ ለደንበኞቹና ለወዳጆቹ ያድል ነበር። ያቺ ትንሽ ብርጭቆ ጌጥ አይደለችም። ሰንጢውን ወደ መስኮት ብርሃን አዙረው ብርጭቆዋን ዓይንዎ ላይ እስኪነካ ድረስ ያስጠጉ፤ ሽፋሽፍትዎ እስኪዳስሳት ማለቴ ነው። ሥዕሉ ካልጠፋ የቡሽ ፊት ከነጢሙ ሙሉ ሆኖ ይታይዎታል።

የአሠራሩ ጥበብ የሚደንቅ ነው። ስታንሆፕ የሚባለው ይህ ሌንስ አንድ ጫፉ የጎበጠ፣ ሌላው ጠፍጣፋ የሆነ አጭር የብርጭቆ ዘንግ ነው። በጠፍጣፋው ጫፍ ላይ አንድ ሚሊሜትር ገደማ የምትሆን ፎቶግራፍ ተለጥፋለች፤ የጎበጠው ጫፍ ያጎላታል። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳግሮን በ1859 የፈጠራ መብት ያወጣበት ነው። ይኸው ሰው በ1870 እና በ1871 ፓሪስ በጀርመኖች ተከባ ሳለ ወደ ከተማዋ የሚላኩ መልእክቶችን በፎቶግራፍ አሳንሶ በእርግብ እንዲገቡ አድርጓል። ታዲያ ፎቶግራፏ የተያያዘችው በዛፍ ሙጫ ስለሆነ ሰንጢውን ውኃ ውስጥ መንከር፣ በአልኮል ማጠብ ወይም ማሞቅ ምስሉን ለዘላለሙ ያጠፋዋል። በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ብርጭቆዋን ብቻ ጠረግ ያድርጉ። ቡሽ በ1913 ስለሞተ እሱ በእጁ ያደለው ሁሉ ከዚያ በፊት ነው፤ ይህኛው ሰንጢ ግን ከእሱ እጅ ስለመምጣቱ ከእርስዎ ፎቶ መናገር አይቻልም።

ስለ መወልወል አጭር ነው መልሴ፦ አይወልውሉ። ስለቱ ላይ ያለው ግራጫ ወዝ የዘመኑ ማስረጃ ነው፤ በብረት መፋቂያ ወይም በማሽን ያበራ ሰው ዋጋውን ራሱ ፍቆ ይጥላል። ቀይ ዝገት ብቻ ካለ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አድርገው አሳድረው በጨርቅ ይጥረጉ። በቆዳ አፎት ውስጥም አያኑሩት፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል።

ብዕሩ ሌላ ጉዳይ ነው። ሎስ አንጀለስ እንዳይልኩት። በካሊፎርኒያ ሕግ ብዕር መስሎ በውስጡ ለመውጊያ የሚሆን ሹል ብረት የደበቀ ዕቃ ወደ ግዛቱ ማስገባት፣ መስጠት፣ መሸጥም ሆነ ይዞ መገኘት በእስር ያስቀጣል፤ ክዳኑ ሲነቀል ሹሉ የሚወጣው በግልጽ በትርጉሙ ውስጥ ተጠቅሷል። ከንፈር ቀለም መስሎ የተሠራው፣ የቀበቶ ዘለበት የሆነው፣ የጎማ አየር መለኪያ የሚመስለውና ሰይፍ የተደበቀበት ከዘራም በዚያው ግዛት እንዲሁ ናቸው። ወንድምዎ ስጦታውን ከፖስታ ቤት ሳይሆን ከፖሊስ እጅ ቢቀበለው ደስ አይልም። በሞላ ጉልበት በአንድ ቁልፍ ብቻውን የሚመዘዝ ሰንጢ ካለ ደግሞ በ1958 የወጣ የፌዴራል ሕግ ከግዛት ግዛት ንግዱን ስለሚከለክል ሳይጠይቁ አይላኩ። ለንደንና ጀርመን ላላችሁ የቡድናችን አባላትም፦ በእንግሊዝ ዕቃ መስሎ የተሠራ ሰንጢ ከ100 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ካልሆነ የተከለከለ ነው፤ በጀርመንም ሌላ ዕቃ መስሎ የተሠራ መውጊያ አይፈቀድም።

«የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሰላዮች ብዕር ነው» ብሎ የጻፈልዎ ሰው ማስረጃ ያምጣ። ኤም አይ 9 የሚባለው የእንግሊዝ የጦር ስለላ ክፍል በታኅሣሥ 1939 ተቋቁሞ ለተማረኩ ወታደሮች አዝራር ውስጥ የተደበቀ ኮምፓስና የሐር ካርታ ያዘጋጅ እንደነበር እርግጥ ነው፤ ለሰላዮች የተሠሩ ትንንሽ የተደበቁ ጩቤዎችም ነበሩ። ግን የሰላይ ዕቃ ምልክት አይመታበትም፣ ምልክት የሌለውን ደግሞ ማንም ሊሠራው ይችላል። ተረቱን ከዕቃው ለይተው ሲመዝኑት አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረው በርካሽ የተሠራ የዘመናችን ብዕር ነው። ካልፈለጉት በአካባቢዎ ያለውን የፖሊስ ጣቢያ ደውለው እንዴት እንደሚያስረክቡ ይጠይቁ።

ለአባትዎ ከሦስቱም አይውሰዱ። በፎቶው ግራ ጠርዝ ላይ ያለው ባለ ቀንድ እጀታ ተራ ሰንጢ ሞላው ጥሩ ከሆነ ሸንኮራ ለመላጥም ብርቱካን ለመቁረጥም ይሆንላቸዋል፤ በእጃቸው ሊጠቀሙበት የሚችሉት ስጦታ እሱ ነው። የእጅ ሻንጣ ውስጥ ግን ፍተሻው አያሳልፈውም፤ በጨርቅ ጠቅልለው በሚያስጭኑት ሻንጣ ውስጥ ያድርጉት።

የእግሩን ነገር እርግጠኛ ሆነን እንድንናገር ሦስት ፎቶ ይጨምሩልን፦ የሁለቱን ስለቶች ሥር በቅርብ፣ ሁለቱም ተከፍተው የእጀታውን ውስጥ በባትሪ ብርሃን፣ እና ጀርባውን ከነምስማሮቹ። ብርጭቆዋን ዓይንዎ ላይ አድርገው ካዩ በኋላም ያዩትን ይጻፉልን።